በቁሟ የተለቀሰላት አክስቴ

ዐሥር ዓመቴ ነበር አክስቴ ስንዱ የሞተች ጊዜ። የሞተችው ለሦስት ቀን ነው። እንዲህ ስል የምቀልድ የሚመስለው ሰው አይጠፋም፤ ያን ጊዜ አሰላ የነበረ ሰው ግን ድንኳኑን ያስታውሰዋል፤ ንፍሮውንም ሳይቀምስ አልቀረም።

ስንዱ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ወላጆቻቸው በላይ በላዩ ሲሞቱባቸው እሷ ገና ጥርሷን አልነቀለችም ነበርና ያሳደጋት አባቴ ነው። "ጋሼ" ነው የምትለው። እኔ ከልጅነቴ የማስታውሳት ከጓሯችን ባሕር ዛፍ ሥር ቆማ፣ ሰፈሩን ሁሉ እያስመሰለች ስታስቀን ነው። የፍርድ ቤቱን ዳኛ አካሄድ ትሄዳለች፤ ገብስ የምትሸጠውን ሴትዮ ሳቅ ትስቃለች፤ ደግሞ እናቴን ትሆንና እናቴን ራሷን ትቆጣታለች። እናቴ ሆዷን ይዛ እየሳቀች፣ "አንቺ ልጅ፣ ይኼ ነገርሽ አንድ ቀን ያጣላናል" ትላት ነበር።

አጣላንም። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ከሸዋ ተመድቦ መጥቶ አሰላ የቀረ፣ ስሙ በክፉ እንዳይነሳበት እጅግ የሚጠነቀቅ ሰው። ስንዱን የነርስነት ትምህርት እንድትማር አዲስ አበባ ላካት። ዓመት ሳይሞላት ትምህርቱን ትታ ትያትር ቤት መግባቷ ተሰማ። ያን ጊዜ ሰው ፊት ቆማ የምትጫወት ሴት ምን ትባል እንደነበር የእኔ ዘመን ሰዎች ታውቁታላችሁና እዚህ አልጽፈውም። አባቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ከዚያ ወዲያ ስሟ በቤታችን ተጠርቶ አያውቅም። ደብዳቤ ስትልክ ፖስታ ቤት ይሄድና ሳይከፍተው "ይመለስላት" ብሎ ይመጣል። ፖስታው ላይ የፖስታ ሣጥን ቁጥር እንጂ የሰፈር ስም አልነበረምና፣ የት እንደምትኖር ከእኛ መሐል የሚያውቅ አልነበረም።

በዚህ መሐል አዲስ አበባ ቴሌቪዥን ገባ። አሰላ የደረሰው ወሬው ብቻ ነው። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት ጨዋታውን አቋርጠን እንከራከርበት ነበር፤ ሰውየው ምን ያህል ቢያንስ ነው እዚያ ሣጥን ውስጥ የሚገባው? አክስቴ እዚያ ሣጥን ውስጥ መግባቷን ግን አልሰማንም።

በሰፈራችን ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ ባለሱቅ ነበሩ። ስኳር ልገዛ ስሄድ ቴምር የሚመርቁልኝ፣ ውሸት ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ሰው ናቸው። ስንዱንም በልጅነቷ ያውቋታል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ዕቃ ለማምጣት መርካቶ ይሄዳሉ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እዚያ አንድ ትልቅ ሱቅ መስታወት ፊት ሰው ተኮልኩሎ ያያሉ። ቴሌቪዥን ነው። ከዚያ በፊት በዚያው መስታወት ጃንሆይ ትምህርት ቤት መርቀው ሲከፍቱ አይተው ነበርና፣ ሣጥኑ የሚያሳየው በእውነት የሆነውን ነገር ነው ብለው ነው የሚያውቁት። ድምፁ ደግሞ ወደ ውጭ አይወጣም። ቀረብ ብለው ሲያዩ ስንዱ ናት፤ አልጋ ላይ ተጋድማለች። አንዲት ሴት ዓይኗን ከደነችላት፤ ነጭ አለበሷት፤ ሴቶች ደረታቸውን ደቁላት። "ወላሂ፣ በዚህ በዓይኔ ነው ያየሁት" ነበር ያሉት። ዕቃቸውን ሳይጨርሱ ተመለሱ።

መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። ጋሽ ሸምሱ ለእድሩ ሰብሳቢ ነገሩ፤ ሰብሳቢው ለአባቴ የንስሐ አባት ለአባ ተክሌ ነገሩ፤ ሽማግሌዎች ተመረጡ። ጎህ ሲቀድ፣ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ሰብሮ በሚገባበት ሰዓት፣ በራችን ተንኳኳ። ሰባት ሰው ኩታውን ዘቅዝቆ በር ላይ ሲቆም ምን ይጠየቃል? እናቴ የጮኸችው ገና አንድ ቃል ሳይናገሩ ነው። "ማን አየ? በምን ሞተች? የት ተቀበረች?" ብሎ የሚመረምር አንድ ሰው ቢገኝ ነገሩ እዚያው ደጃፍ ላይ ያበቃ ነበር። በለቅሶ ላይ ግን ማን ይመረምራል! አባቴም ልጠይቅ ቢል የሚጠይቅበት አድራሻ የለው።

አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ድንኳኑ መሐል ቆሞ፣ "ደብዳቤዋን ሳልከፍት የመለስኩ! እኔ ነኝ የገደልኳት! አንድ ቀን ብቻ ድምፅሽን ልስማና ልሙት!" እያለ ደረቱን ይደቃል። የረጠበ ሸራ ሲሸተኝ ዛሬም ያ ድምፅ ይመጣብኛል። እናቴ ጠጉሯን ተላጨች። የእናቴ ወንድም ደግሞ የተቀበረችበትን እንዲያይ፣ ዕቃዋንም እንዲያመጣ አዲስ አበባ ተላከ።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶው እንደ አዲስ ደመቀ። ጎረቤታችን አዴ ቦንቱ በኦሮምኛም በአማርኛም እያፈራረቁ የሚያስለቅሱ አልቃሽ ነበሩ። ሙሾ ከማውጣታቸው በፊት፣ "ሥራዋ ምን ነበር?" ብለው ጠየቁ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩና አንዷ፣ "ነርስ ይበሉ፣ ነርስ" አለቻቸው። አዴ ቦንቱም ስንዱን የድሃ ቁስል አጣቢ፣ የበሽተኛ አስታማሚ አድርገው አንጀት በሚበላ ዜማ ያወድሷት ጀመር።

እኔ ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጫለሁ። ከናዝሬት የሚመጣው አውቶቡስ ጥሩምባውን ሲነፋ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሴት፣ የዴራን መንገድ አቧራ የጠጣ ካፖርት ለብሳ፣ ራሷን በነጠላ ሸፍና ገባችና አጠገቤ ተቀመጠች። ለቅሶ ደራሽ መስላኝ ጠጋ አልኩላት። ሙሾውን ስትሰማ ቆየችና፣

"ነርስስ አልነበረችም" አለች፣ ለራሷ ያህል።

ከጎኗ ያለችው ሴት ዕንባዋን እየጠረገች፣ "ታውቂያታለሽ እንዴ?" አለቻት።

"ትንሽ ትንሽ አውቃታለሁ።"

ይህን ስትል ነጠላው ተንሸራተተ። አዴ ቦንቱ ሙሾው አፋቸው ላይ ቀረ። "ዋቃዮ! ጅርቲ! ጅርቲ! አለች! ልጅቷ አለች!" ግማሹ ሴት ወደ ጓሮ፣ ግማሹ ወደ መንገድ ሮጠ። ንፍሮው ተደፋ። እኔ መሮጥ ሲያቅተኝ ካፖርቷን ያዝኩ፤ በኋላ ሳስበው የያዝኩት ያንኑ የፈራሁትን ሰው ነው።

አጎቴ ትያትር ቤቱን አጠያይቆ ሲሄድ ስንዱን ያገኛት ትያትር ስታጠና ኖሯል። አብረው መጥተው፣ እሱ አባቴን ቀስ ብሎ ሊያዘጋጀው ወደ ቤት ሲገባ እሷ መታገሥ አቅቷት ነው ድንኳን የገባችው።

አባቴ ከቤት ወጥቶ መጣ። ፊቷን በሁለት እጁ ያዘና እንደ ዓይነ ስውር ዳሰሳት።

"ስንዱ?"

"አቤት ጋሼ።"

አቅፏት አለቀሰ፤ እሷም አለቀሰች። እኔ በልጅ ልቤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ያለቀ መሰለኝ። ከሴቶቹ አንዷ ግን፣ "ታዲያ ጋሽ ሸምሱ ያዩት ማንን ነው?" አለች። ጋሽ ሸምሱ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ "አላህ ያውቃል፣ እሷኑ ነው ያየሁት" አሉ።

ስንዱ ፊቷ ገና በአባቴ እጅ ውስጥ እንዳለ፣ "እውነታቸውን ነው፣ እኔው ነኝ። ትያትር ነው ጋሼ፤ የምትሞት ሴት ሆኜ ነበር" አለች።

"እንዴት ብታሳምሪው ነው በይ!" አለች አንዷ። አንድ ጎረምሳ ሳቀ፤ ሳቁ ተዛመተ። ሦስት ቀን ያለቀሰ ሰው ሲስቅ ማቆሚያ የለውም። የአባቴ እጆች ከፊቷ ላይ ሲወርዱ አየሁ።

"በሞት ትጫወቻለሽ" አለ በዝግታ። "የሚስቴን ጠጉር አስላጭተሽ፣ እኔን በአገር ፊት አስጩኸሽ።"

"ጋሼ፣ እንዲህ ይሆናል ብዬ በምን ልወቅ?"

"አባ፣ ይገዝቱልኝ!" አላቸው ወደ አባ ተክሌ ዞሮ።

አባ ተክሌ መስቀላቸውን ያዝ አድርገው አመነቱ። "አቶ ይልማ፣ ዛሬ የደስታ ቀን ነው። ነገ እንነጋገርበት።"

"ዛሬ ነው! ወይ ይህን ነገር ትተወዋለች፣ ወይ ለቅሶው ይቀጥላል።"

ስንዱ እናቴን አየቻት፤ በተላጨ ራሷ ላይ ሻሽ እንኳ አላሰረችም ነበር። ከዚያ ተንበረከከች። አባ ተክሌ ከእንግዲህ በሰው ፊት ቆማ፣ በዚያ ሣጥንም ውስጥ ቢሆን፣ ሌላ ሰው መስላ እንዳትታይ ገዘቷት። መስቀሉን ተሳለመች። "እሺ" አለች። ሰውን ሁሉ መሆን የምትችል ሴት ያን "እሺ" ስትል ማንንም አልመሰለችም።

ግዝቱን አልሻረችም። አንድ ዓመት ያህል አዲስ አበባ ልብስ እየሰፋች ኖረች። ከዚያ አንድ የድሮ ባልደረባዋ ጀማሪዎችን እንድታስተምርለት ለመናት። አሰበችበት፤ ግዝቱ አትታዪ አላት እንጂ አታስተምሪ አላላትም። ጠጉሯ እስኪሸብት ትወና አስተማረች። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ አንድ ቀን ክፍሏ ገብቼ አይቻለሁ። ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው። አንዲት ተማሪ መሞት አቅቷት ትወድቃለች፣ ትነሳለች።

"እትዬ ስንዱ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያሳዩን" አለቻት ልጅቷ።

"እኔ አልችልም፤ አንቺ ግን ትችያለሽ። በይ እንደገና ሙቺ" አለች። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔ ግን ከንፈሯን ነክሳ ስትይዝ አየኋት።

ተማሪዎቿ በቴሌቪዥን ስማቸው ገነነ። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ፊት በአንድ ምሽት ስንቱ ይሞታል፤ ልጆቹ ጉርሻቸውን እንኳ አያቋርጡም። ያን ጊዜ አንዲት ልጅ በመስታወት ውስጥ ብትሞት ከተማው ሦስት ቀን ሥራ ፈትቶ አለቀሰላት። የዚያን ጊዜውን ሰው እወደዋለሁ፤ ያንኑ ሰው ደግሞ ይቅር ለማለት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

የሚቀጥለውን የነገረችኝ እናቴ ናት፣ አባቴም ስንዱም ካለፉ በኋላ። አባቴ ጡረታ እንደ ወጣ አንድ ጠዋት ስንቁን ይዞ ተነሳ። አባ ተክሌ ጮሌ ወደሚባል ወረዳ ተዛውረው ነበር፤ ግዝትን የሚፈታው የገዘተው ነው ይባላልና የስንዱን ሊያስፈታ ሄደ። ሲደርስ አባ ተክሌ ካረፉ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። መቃብራቸውን አሳዩት። በማግስቱ ወደ አሰላ ተመለሰ፤ የት እንደዋለ ለእናቴ ብቻ ነገራት፤ ለስንዱ እንዳትናገር አስማላትና ጫማውን አውልቆ ተኛ።