«ሌላ ሰው የለም» ያልኳት ልጅ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ለባሌም አልነገርኩትም። ለእርስዎ ለአንባቢዬ ስነግር የመጀመሪያዬ ነው።

ጎሮ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ጽንስ ማቋረጥ እምነቴ አይፈቅድልኝም። ለኃላፊያችን ገና ስቀጠር ነግሬው ተቀብሎኛል። የተስማማነውም እንዲህ ያለች ታካሚ ስትመጣ ፊት ለፊቴ ባለው ክፍል ለምትሠራው ለአልማዝ እንዳስተላልፍ ነው። አልማዝ «ጻድቋ መጣች» እያለች ትቀልድብኛለች እንጂ ተቀይማኝ አታውቅም።

አንድ ቀን ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ መጣች። የአሠሪዋ ወንድም ደፍሯት አርግዛለች። ሕጉ ይፈቅድላታል። እኔ ግን አንገቷ ላይ ማተቧን አየሁና ነፍሷን ላድን ተነሣሁ። ማን ጠየቀኝ? እኔ ይህን አልሠራም አልኳት።

«ሌላ የሚሠራ ሰው የለም ወይ፣ ሲስተር?» አለችኝ።

«የለም» አልኩ። የአልማዝ በር ክፍት ነበር፤ ስታስል ይሰማኛል። እኔ ግን የለም አልኩ። ሳሊተ ምሕረት ሄደሽ ጸልዪ ብዬም ሸኘኋት።

ከሳምንታት በኋላ በባጃጅ አመጧት። ሰፈር ውስጥ በድብቅ የምታስወርድ አንዲት ሴትዮ ዘንድ ሄዳ ኖሯል። ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣታል፣ ደሙ አልቆም ብሏል። ከአልማዝ ጋር ተረባርበን ወደ ሆስፒታል ወሰድናት፤ አምቡላንሱ ውስጥ እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ። ተረፈች፤ ማኅፀኗ ግን በቀዶ ጥገና ወጣ። ልጠይቃት ስሄድ «እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር፤ እርስዎ ባይኖሩ ሞቼ ነበር» አለችኝ። እኔም አሜን አልኩ። አፌን ሞልቼ አሜን አልኩ!

ሰሞኑን ስብሰባ ላይ እምነቱ የማይፈቅድለት ባለሙያ የሕግ ከለላ ያግኝ ወይስ አያግኝ የሚል ክርክር ተነሣ። ኃላፊያችን «ለምሳሌ ሲስተር ማንንም ሳትጎዳ በእምነቷ ትሠራለች» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። አልማዝም አዎ በሚል ራሷን ነቀነቀች። አፈርኩ፣ ግን ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ከለላው ይገባል፣ ዛሬም እላለሁ። አልሠራም ማለት መብቴ ነበር። «የለም» ብዬ መዋሸትን ግን ሕግም እምነትም አልሰጠኝም፤ ከራሴ ያመጣሁት ነው። በሃይማኖቴ አላሳብበውም። ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝም እሷን ነው። አሁን የምትኖርበትን ቤት አውቀዋለሁ፤ በታክሲ ሩቅ አይደለም። እስካሁን አልሄድኩም።