አያ መርሻ የወረወሯት ኳስ

የትምህርት ቤታችን ዘበኛ አያ መርሻ ዓይናቸው ጨርሶ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። «አስመራ ስሜን የማያውቅ አልነበረም፤ ደመወዝ የምበላው ቅርጫት ኳስ ተጫውቼ ነበር» ሲሉ ልጆቹ ይስቁባቸዋል።

«ለጨዋታ ደመወዝ? አያ፣ እኛንም ያስቀጥሩን እንጂ!»

እኔ ግን ያንን ረጅም ዱላቸውን ስለምፈራ አጠገባቸው አልደርስም።

ክፍል ውስጥ እጄን ማውጣት የጀመርኩ ሰሞን፣ ድፍረቱ ተርፎኝ ብቻዬን ቅርጫት ኳስ ስለማመድ አያ መርሻ ከኋላዬ መጡ።

«እስቲ አንዴ ስጪኝ፣ ልጄ። ፊቴንም ወደ ቅርጫቱ አዙሪልኝ።»

ትከሻቸውን ይዤ አዞርኳቸው። ዱላቸውን አስያዙኝና ጎንበስ ቀና ብለው ወረወሩ። ኳሷ ከቅርጫቱ በላይ አልፋ፣ አጥሩን ተሻግራ፣ የጎረቤት ጭድ ክምር ላይ አረፈች።

«ገባች?» አሉኝ፣ እጃቸውን ከላይ ሳያወርዱ።

ያንን ፊት እያየሁ እውነቱን መናገር አቃተኝ። «ገባች፣ አያ! ሸጋ አድርጋ ገባች!»

ፈገግ አሉ። ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ፈገግታቸው ጠፋ።

«ከገባችማ ምነው መሬት ስትመታ ሳልሰማ?» አሉና፣ ኳሷን ከውጭ እንዳመጣ በሩን ሊከፍቱልኝ ቁልፋቸውን በዳበሳ መፈለግ ጀመሩ።