ኤድንብራ በእኛ ጓዳ

የብል መድኃኒት በሸተተኝ ቁጥር ዛሬም ኤድንብራ ትዝ ትለኛለች። ከተማዋን በዓይኔ አላየኋትም። ታላቅ ወንድሜ ሽብሩ ግን ከሆሳዕና ከተማ ሳይወጣ፣ በቤታችን ጓዳ ሆኖ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ኖሮባታል፤ ለጉዞው የተገዛለት ኮት ጓዳውን በዚያ ሽታ ሞልቶት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. የአንደኛ ደረጃ መምህር የነበረው ሽብሩ፣ ስመ ጥር ደራስያን ስለ ጎዳናዎቿና ስለ ጭጋጓ በጻፉላት በዚያች ከተማ ሥነ ጽሑፍ እንዲማር ዕድል አገኘ። የአገራችን ሰው ሥነ ጽሑፍ ምን እንደ ሆነ አጥብቆ አልጠየቀም፤ ባሕር ማዶ መሆኑ በቃው። ወይፈን ታረደ። ነጋዴው ረሻድ ያን ወፍራም የሱፍ ኮት ከሱቁ አመጣ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ጠና እጃቸውን ጭነው ለረጅም ሰዓት ጸለዩ፤ እምነታቸው ጽኑ ስለ ነበር፣ መጨረሻ ላይ «በሰላም ስላደረስኸው እናመሰግንሃለን» ብለው ዘጉ። ሕዝቡም አሜን አለ።

እናታችን ዓለሚቱ አሜን አላለችም። ማድቤት ሆና ለእንግዳው ሁሉ አታካና፣ ያን በቅቤ የራሰ የቡላ ምግባችንን፣ ታማስል ነበር። እጇን ጠርጋ ስትወጣ ሽብሩን የያዘው አውቶቡስ ሄዷል። «ልጄን አንድ ቃል ሳልለው!» እያለች አምስት ቀን እህል በቅጡ አልቀመሰችም።

በስድስተኛው ቀን ሽብሩ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከተፍ አለ። አዲስ አበባ ሲደርስ ጉዞው ለአንድ ዓመት መተላለፉ ተነግሮታል። እናታችን ልትጠመጠምበት ስትል አቶ ጠና መሀል ገቡ።

«ቆይ እስቲ ዓለሚቱ። ይኼ ሰው ተሸኝቷል።»

«ልጄ ነው እኮ፣ ጋሼ ጠና! ይኸው ቆሟል!»

«መቆሙንማ አያለሁ። ግን ደርሷል ብለን አመስግነናል። አሁን እግዚአብሔርን ምን ልንለው ነው? ምስጋናችንን መልስልን?»

ሽብሩ ሻንጣውን አንሥቶ ጓዳ ገባ። በዚሁ ተወሰነ፤ ሽብሩ ኤድንብራ ነው።

ከዚያ በኋላ በመንገድ ሲያልፍ ሰላም የሚለው አልተገኘም። አንድ ቀን ረሻድ እናታችንን ገበያ አገኛት። ሽብሩ ዘንቢሏን ተሸክሞ ከጎኗ ቆሟል።

«ሽብሩ ሲመለስ ሬዲዮ እንዲያመጣልኝ አጽፊለት» አላት።

«እሺ በይው» አለ ሽብሩ።

«እሺ ይላል» አለችው።

ትምህርቱን ግን አልተወም። የታዘዙትን መጻሕፍት ጓዳ ተቀምጦ ኮቱን ለብሶ ያነባል፤ በሳምንት አንድ ደብዳቤ ይጽፋል። እኔ ጣቢታ ደብዳቤውን ተቀብዬ ስድስት እርምጃ እራመድና ፊደል ላልቆጠረችው እናታችን ወደ ሀዲይኛ እየመለስሁ አነብላታለሁ።

«‹ከተማዋ የጥቁር ድንጋይ ከተማ ናት። ዝናብ ሲመታት እንደ በሬ ጀርባ ታብረቀርቃለች...›»

«ቀስ በይ እንጂ! እዚያ ጋ ነጥብ አለው እኮ!» ይላል ከግድግዳው ወዲያ ያለ ድምፅ።

«ምንድን ነው እሱ?» ትላለች እናቴ።

«ጎረቤት ነው።»

«ጎረቤት ዝም ይበልልኝ። ልጄ ምን ይላል?»

«‹ምግቡ አልተስማማኝም፤ ቆጮ ናፈቀኝ› ይላል።»

በማግስቱ ጓዳው በር ላይ ቆጮ ተቀምጦ ይገኛል። የሚቀጥለውም ደብዳቤ «የላክሽልኝ ቆጮ በሰላም ደርሶኛል፤ ትንሽ ቀዝቅዟል» ይላል።

በመልሷ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ታስጽፈኝ ነበር፤ «እዚያ ይዘንባል ወይ?» እሱም ሁልጊዜ «ይዘንባል» ይላል፤ ከዩኒቨርሲቲው የተላከለት መጽሔት ላይ ያለው ሥዕል የዝናብ ነበርና።

አንድ ቀን እንሰት እየፋቀች፣ ለማንም ሳይሆን፣ «አገር ሸኘው፤ እኔ አልሸኘሁትም። የሄደን ሰው ደግሞ እንዴት አድርገው ይሸኙታል?» ስትል ሰማኋት።

ዓመቱ ሞላና የጉዞው ቀን የተቆረጠበት ወረቀት መጣ። እናቴ አቶ ጠና ቤት ድረስ ሄዳ፣ «አንድ ቃል ብቻ ልበለው» ብላ ለመነች። እሳቸውም ብዙ አሰቡ።

«ከሸኘሽው፣ እስከ ዛሬ አልሄደም ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ደብዳቤዎቹ ሁሉ ውሸት ሊሆኑብሽ ነው፣ ዓለሚቱ።»

ደብዳቤዎቹን ትወዳቸው ነበር። ሣጥን ውስጥ ከነጠላዋ ጋር አጥፋ አስቀምጣቸዋለች። ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በመሄጃው ጠዋት አታካና ለአንድ ሰው ብቻ ሠራች። ሽብሩ ከጓዳ ወጥቶ፣ ኮቱን እንደ ለበሰ፣ ሳህኑን ጠርጎ በላ። የአውቶቡሱ ጡሩንባ ተሰማ። ተነሣ። እናቴም ተነሣች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ጣቢታ፣ እስቲ ጠይቂልኝ። ዛሬ ኤድንብራ ይዘንባል ወይ?»

«ይዘንባል በያት» አለ ሽብሩ፣ መሬት መሬት እያየ።

«እንግዲያስ ኮቱን ይቆልፍ በይው።»

እስክነግረው አልጠበቀም። አራቱንም ቁልፍ አንድ በአንድ፣ እስከ አንገቱ ድረስ ቆለፈ። ሻንጣውን አነሣና ውኃ ሊቀዳ እንደሚወጣ ሰው፣ ደህና ሁኑ ሳይል፣ ከቤት ወጣ።