መቶ ሲሞላ ንገረኝ

ከሰው ገንዘብ ለራሱ አንዲት ሳንቲም ያልነካ ሰው አይወቀስም። ብዙ ሰው የሚፈርደው እንዲህ ነው፤ ፍርዱም ለፈራጁ ይመቻል፣ የሚመረመረው እጅ ብቻ ነውና። ጠራዡን የሚያውቁት ሁሉ ስለ እሱ የሚሰጡት ቃል ከዚህ አይዘልም፦ እጁ ንጹሕ ነው። እውነታቸውን ነው፤ ንጹሕ ነበር።

ጠራዡ በአንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት መጽሐፍ ጠርዟል። ክፍሉ አንድ መስኮት አለው፤ መስኮቱ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ስለተሠራ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። በክፍሉ መሐል የብረት መጭመቂያ ቆሟል፤ አናቱ ላይ እንደ መኪና መሪ የሚዞር እጀታ አለው። የተሰፋና ሙጫ የተቀባ መጽሐፍ በሁለት ጣውላ መሐል ይገባና እጀታው ይጠብቅበታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው። ሙጫው ሳይደርቅ የወጣ መጽሐፍ ጀርባው ይጣመማል፤ አንዴ ከተጣመመም ፈትቶ እንደ አዲስ ከመስፋት በቀር መላ የለውም። ስለዚህ ጠራዡ ለራሱ ያወጣው ሕግ ነበረ፤ በእጅ ተዳስሶ ደርቋል በተባለ መጽሐፍ ላይ አንድ ቀን ይጨምርበታል። «የደረቀው ላዩ ነው፤ ውስጡን ማን አየው?» ይላል። በሠላሳ አንድ ዓመት ይህ አንድ ቀን አሳፍሮት አያውቅም።

እህቱ በዘጠኝ ዓመት ታንሰዋለች። የተማሪ ደንብ ልብስ በሚሰፋበት ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ ሰፊ ናት፤ እጅጌውን ሌላ ሰው ይሰፋል፣ ኪሱን ሌላ ሰው፣ እሷ ከጧት እስከ ማታ ኮሌታ። እሱ ሳያገባ የቀረ፣ እሷ ባሏ ቀድሞ የሞተባት በመሆኑ ከሁለቱ ሌላ ቤተሰብ የሚባል የላቸውም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሱ ወደተከራየው ክፍል ትመጣለች፤ የተበጠሰ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክልለታለች፣ እሱ ሻይ ያፈላላታል፣ ብዙም ሳይነጋገሩ ይመሻል።

ከነዚህ ቅዳሜዎች በአንዱ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት። ሦስት ጊዜ ሞከረችና መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«የዚህ መርፌ ቀዳዳ ተደፍኗል መሰለኝ» አለች።

ቀዳዳው አልተደፈነም። ሐኪሟ የዓይን ግፊት እንዳለባት፣ ግፊቱም የሁለቱንም ዓይኖቿን ነርቭ እየገደለ እንደሆነ፣ የሞተው እንደማይመለስ፣ ቀዶ ሕክምና ግን የቀረውን እንደሚያቆየው በግልጽ ነገረቻት። የሁለቱም ዓይን ዋጋ መቶ ሺህ ነበር። እህቱ ከኮሌታ ላይ በዓመታት የለቀመችው ስልሳ ሺህ አላት። አንዱን ዓይን አስቀድሞ ማሠራት ይቻል ነበር፤ ፋብሪካው ግን ለአንድ ሠራተኛ ረጅም ፈቃድ ሁለት ጊዜ አይሰጥም፤ በሁለተኛው ጊዜ ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል።

በምድር ቤቱ ከጠራዡ ጋር የሚሠራው ወረቀት ቆራጩ ነው። የዝናቡንም፣ የኳሱንም፣ የደመወዝ ጭማሪውንም ነገር ቀድሞ ስለሚናገርና አብዛኛውንም ስለሚስት «ትንበያ» የሚል ስም ወጥቶለታል። በዚያ ሰሞን የሚተነብየው ስለ ክሪፕቶ ነበር። በስልክ የሚገዛ፣ በስልክ የሚሸጥ፣ ማንም በእጁ የማይጨብጠው፣ ዋጋው በአንድ ቀን ውስጥ ወጥቶ የሚወርድ ገንዘብ። ትንበያ ገዝቶ ነበር፤ እየወጣለትም ነበር። ጠራዡ ነገሩን ለእህቱ እንደ ወሬ አነሣው። እሷ እንደ ወሬ አልሰማችውም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስልሳ ሺውን በኮሌታ ቁርጥራጭ በሰፋችው ቦርሳ ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ አንተ ምራቅህን የዋጥክ ሰው ነህ፤ አንተ ያዝልኝ። እኔ ስልክ ከማውራት በቀር አላውቅበትም።»

«ሊወርድም ይችላል እኮ፣ እህቴ።»

«ይውረድ። ሌላ አርባ ሺህ ከኮሌታ እስክለቅም ዓይኔ ቆሞ አይጠብቀኝም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምልህ፤ መቶ ሲሞላ ንገረኝ።»

«እነግርሻለሁ» አላት።

እዚህ ላይ ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ እህቲቱ የምታደርገውን ታውቅ ነበር። ገንዘቡ ቢጠፋ ኖሮ ወንድሟን ማንም አይጠይቀውም፤ እሷም አትጠይቀውም ነበር።

ተገዛ። ስልሳው አምሳ አምስት ሆነ፣ ስልሳ ስምንት ሆነ፣ ሰማንያ ገባ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወጣ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እህቱ ከበሩ ሳትገባ «ሞላ?» ትላለች፤ እሱም «ገና ነው» ይላታል። ስድስት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። ስድስቱንም ጊዜ የተናገረው እውነቱን ነበር።

በሰባተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጧት ጠራዡ የአንድ ዓመት ጋዜጣ መጭመቂያ ውስጥ አስገብቶ እጁን ታጠበና ስልኩን ከፈተ። መቶ አንድ ሺህ ይላል። መነጽሩን አወለቀ፣ ወለወለ፣ አደረገ። መቶ አንድ።

«አልነካኸውም አይደል?» አለ ትንበያ ከመቁረጫው ማዶ።

«አልነካሁትም።»

«እንዳትነካው። ይኼ ገና መነሣቱ ነው። መቶ ሃምሳ ካልገባ ስሜን ቀይረው።»

«ስምህን መቼ አወቅሁትና።»

ጠራዡ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። መቶ መሙላቱን እጁ ዳስሶታል፤ በሕጉ መሠረት አንድ ቀን ይጨመርበታል። ረቡዕ መቶ አራት ሆነ፤ ሕጉም ትክክል መሰለ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ክር ሰም እየቀባ ሳለ አንድ ሐሳብ መጣበት። መቶ ሃምሳ ቢገባ ሕክምናው ተከፍሎ የሚተርፈው ለእህቱ ትንሽ የስፌት ሱቅ ይከራያል፤ መስኮቱ ሙሉ ሰው የሚያሳይ፣ ኮሌታ ብቻ የማይሰፋበት። ሐሳቡ ልቡን አሞቀው። ያልጠየቀችውን ሊሰጣት ሲያስብ የጠየቀችው ቁጭ ብሎ ቀረ።

ሐሙስ እህቱ በምሳ ሰዓት ደወለች። ከስልኩ ጀርባ የስፌት መኪኖቹ ድምፅ ይሰማል።

«ጋሼ፣ አላቆይህም። አለቃችን የፈቃድ ወረቀት መቼ እንደምሞላ ጠየቀኝ። ሞላ እንዴ?»

«እየሞላ ነው» አላት።

ከተናገረው ሁሉ ሊመዘን የሚገባው ይህ ነው። ቃሉን ማንም ሐሰት ብሎ ሊይዝበት አይችልም፤ ጠራዡም የመረጠው ለዚሁ ነው። ሙጫና ክር የሚመርጥ ሰው ቃል መምረጥ አይሳነውም።

«እሺ፤ ወረቀቱን አልሙላ እንግዲህ» አለችና ዘጋች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መውረድ ጀመረ። ቅዳሜ ጧት ሰባ አንድ ነበር። ጠራዡ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ቁጥሩን አየው። የደነገጠ አልመሰለውም፤ ምንም የተሰማው አልመሰለውም። ሰባ አንድ ከሰጠችው በአሥራ አንድ ይበልጣል፤ ያን ቀን ቢሸጥ አትርፎላት ነበር። ግን መቶ አራትን አይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ቁጥር ሁሉ ኪሳራ ሆኖበት ነበር። ሰባ አንድ ላይ መሸጥ ማለት ደግሞ ማክሰኞን ማስረዳት ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ እህቱ በሩ ላይ ቆማ «ሞላ?» አለች።

«ገና ነው።»

ሻዩን ቀዳላት።

በሚቀጥለው ሳምንት በመስኮቱ አዲስ ቡናማ ጫማ ሲያልፍ አየ፤ የሚያብለጨልጭ፣ ገና ያልተጣጠፈ። ጫማው በመስኮቱ ያለፈ መስሎት ሳለ በበሩ ገባ። ትንበያ ነበር።

«ረቡዕ ሸጬ ወጣሁ» አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «የእናንተው መቶ አራት ሲገባ።»

«አትሽጡ፣ ያዙ ስትል አልነበር?»

«ያዙ ያልኩት እናንተን ነዋ። ሁላችን አንድ ቀን ብንሸጥ ማን ይገዛኛል?» ጫማውን አንሥቶ አሳየው። «እውነተኛ ቆዳ ነው፤ አንተ ከምትለጥፈው ይሻላል። ጋሽ ጠራዥ፣ አንተም ወጥተሃል አይደል? መቼም እንዳንተ ያለ አዋቂ አይሳሳትም።»

ጠራዡ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ እጀታውን አጠበቀ። እጀታው ከዚያ በላይ አይጠብቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት ወራት ስለማይለያዩ አብረው ይነገራሉ። ስልሳ፣ አምሳ ሁለት፣ አምሳ አምስት፣ አርባ ስምንት። ጧት ያያል፣ ማታ ያያል። መሸጥ ሲያስብ እጁ ከበደው፤ አለመሸጥ ሲያስብ ምንም አልከበደውም፤ ስለዚህ አልሸጠም። የሥራ ባልደረቦቹ ይህን ትዕግሥት አሉት። እህቱ ቅዳሜ ትመጣለች፣ ትጠይቃለች፣ ገና ነው ትባላለች። አንድ ቅዳሜ ሻዩን ስታነሣ ከብርጭቆው ግራ ያለውን አየር ጨበጠች፤ ሁለቱም እንዳላዩ አለፉት።

በስድስተኛው ወር በመስኮቱ የሚያውቀው ጫማ መጣ። ደረጃው ጫፍ ላይ ቆመ፤ የግራው እግር ወደ ታች ወርዶ ደረጃውን ፈለገው፣ አገኘው፣ ከዚያ ቀኙ ተከተለ። እህቱ ወደ ሥራ ቦታው መጥታ አታውቅም። እንደገባች ከመቁረጫው አጠገብ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«ከሐኪም ቤት ነው የመጣሁት» አለች። «ግራው አልቋል። ከአምስት ወር በፊት ብትመጪ ሁለቱንም እናቆየው ነበር አለችኝ። ቀኙን አሁኑኑ ብትሠሪ ይተርፋል አለች። አንዱ አምሳ አምስት ሺህ ነው።»

ጠራዡ ብሩሹን በእጁ እንደያዘ ቆመ። እህቱ ወደ እሱ ፊቷን ስታዞር ትንሽ ስታው ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ያንተ ጥፋት አይደለም፣ ጋሼ። ዋጋው እንቢ ካለ ምን ታደርጋለህ?»

ትንበያ ክፉ ሰው አይደለም፤ አዘነላት፤ ሐዘኑንም መናገር እንጂ መዋጥ አያውቅበትም።

«እንዴ እትዬ፣ እናንተ መቶ አራት ሲገባ አልወጣችሁም እንዴ? እኔ እኮ ያን ጊዜ ተገላግላችኋል ብዬ ነው።»

በመስኮቱ አራት አምስት ጫማ አለፈ። ትንበያ የቆረጠውን ወረቀት ታቅፎ ወጣ፤ ወረቀቱን የሚያደርስበት ቦታ ግን አልነበረውም።

«ሞልቶ ነበር?» አለች እህቱ።

«ሞልቶ ነበር።»

«ስንት ቀን?»

«ከማክሰኞ እስከ ዓርብ።»

ጣቶቿን በጉልበቷ ላይ አንድ፣ ሁለት እያለች ቆጠረች። «ሐሙስን ጨምሮ።»

«ሐሙስን ጨምሮ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

ብዙ ውሃ የማያነሣ ምክንያት ነበረው፤ ሱቁም ነበረ፣ ሙጫውም ነበረ። ያወጣው ግን ከሁሉ በታች የነበረውን ነው።

«ብነግርሽ ሽጠው ትዪኝ ነበር።»

«አዎ» አለች። «እል ነበር።»

አላለቀሰችም፤ እሱም አላለቀሰም። አሁን ስንት እንደሆነ ጠየቀችው።

«አርባ ሦስት።»

«ሽጠው።»

«እስከ ሐሙስ ብናየው ምናልባት...»

«ጋሼ።»

ሸጠው። መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት የሚፈጀውን ያህል ጊዜ አልፈጀም። የጎደለውን አሥራ ሁለት ሺህ ከደመወዙ ተበድሮ ሞላ፤ ቀኝ ዓይኗ ተሠራ፣ የቀረላትን ብርሃን ይዛ ቀረች። በአንድ ዓይን ኮሌታ ስለማይሰፋ ፋብሪካው በትንሽ ደመወዝ ወደ ማጣጠፊያ ክፍል አዛወራት።

በዓመቱ ዋጋው እንደገና ወጣ። በእሷ ስልሳ ሺህ ቢሰላ መቶ ሃያ ሺህ ይሆን ነበር። ትንበያ አስልቶ ነገረው፤ «ይኸው፣ ጠብቀህ ቢሆን ትክክል ነበርክ» አለው። ጠራዡ የሚጠርዘውን ጀርባ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ ደርቋል፣ የዚያኑ ዕለት አወጣው። አንድ ቀን መጨመር ከተወ ቆይቷል። ለምን እንደተወ የጠየቀው የለም፤ መጽሐፎቹም አልተጣመሙም።

እህቱ ዛሬም ቅዳሜ ትመጣለች። አሁን ክሩን መርፌው ውስጥ የሚያስገባላት እሱ ነው፤ ቁልፉን በዳሰሳ ትተክለዋለች። በሩ ላይ ስትደርስ የምትጠይቀው ነገር የለም፤ እሱ ግን ሻዩን ከመቅዳቱ በፊት ትንሽ ይቆማል፣ ጥያቄው ይመጣ የነበረበትን ያህል ጊዜ።

የሚያውቁት ሰዎች አሁንም ስለ እሱ ሲያወሩ አንዲት ሳንቲም እንዳልነካ፣ እንዲያውም ከራሱ አሥራ ሁለት ሺህ እንደጨመረ ይናገራሉ። ሁለቱም እውነት ነው። ያ ገንዘብ የእህቱ ነበር፣ ዓይኑም የእሷ ነበር፣ መሸጥ ወይም መያዝም የእሷ ነበር። ጠራዡ ለእህቱ የነበረበት ዕዳ፣ በዚያ ማክሰኞ ጧት፣ «ሞልቷል፤ ምን ላድርግ?» ብሎ መጠየቅ ነበር።