እንቆቅልሽ በላቲን

ገብረ መድህን ላቲን የተማረው በልጅነቱ ካቶሊክ ሚሲዮን ገብቶ ነው። ቅስናውን ሳይቀበል ወጣ፤ ጢቾ ያሉት ዘመዶቹ ግን «ሃይማኖቱን ለወጠ» ብለው በራቸውን ዘጉበት። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ አሰላ መጥቶ እኔ ከምኖርበት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየ። ላቲን አሰላ ላይ ምን ይሠራል? ከማን ጋር ሊያወራበት?

በ1951 ዓ.ም. ጭላሎ ላይ ዕፅዋት ሲሰበስብ የከረመ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ሥራ ሰጠው፤ የየተክሉን የላቲን መግለጫ ወደ አማርኛ መልሶ የአገሬውን ስም እንዲያገኝለት። ሥዕል የለ፣ ቅጠል የለ። ጽሑፉ ደግሞ ግስ የሚባል አያውቅም፤ «ቅጠሉ ጠባብ፣ ጀርባው ጠጉራም፣ ጫፉ ሹል» እያለ እንደጠፋ በሬ ምልክት ይደረድራል። ገብረ መድህን ቃሉን እንጂ ተክሉን አያውቅም። ጸሎት እንጂ ጫካ መች ተማረ!

መላውን ያገኙለት የግቢው ባለቤት አዴ ሀሊሜ ናቸው። አንድ እሑድ በረንዳቸው ላይ ሆነው የአማርኛ ትርጉሙን ጮክ ብሎ ሲያነብ ሰሙትና «ይሄማ እንቆቅልሽ ነው፤ በል ጠይቀኝ!» አሉት። ከዚያ ወዲያ እሑድ ከሰዓት እኔም እየተጨመርኩ ጨዋታችን ሆነ። መጀመሪያ ላቲኑን እንደ ዳዊት ይደግመዋል፤ ቀጥሎ፦

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልህ!»

«ዛፍ ነው፤ አበባው ዘለላ፣ ቁልቁል የተንጠለጠለ፣ የሴቴው ቀይ።»

«ሄቶ! እናንተ ኮሶ የምትሉት! ይሄን ሳትጠጣ ነው ያደግኸው?»

ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። በሌላው ቀን በሩን ዘግቶ ይውላል፤ አንጀቴን ይበላው ነበር።

የመጨረሻው ተክል ስም ሲገኝ «እንግዲህ አለቀ» ብሎ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣ። ያለ ጉዳይ ሰው ቤት መግባት አያውቅበትም፤ ሌላ ሰበብም አልነበረውም።

በሚቀጥለው እሑድ ግን መጣ። ላቲን አልደገመም።

«እንቆቅልሽ።»

«ምን አውቅልህ።»

«ግንዱ ደረቅ። ከመሰሎቹ ርቆ ብቻውን የቆመ። አበባ የሌለው፣ ፍሬ የሌለው። መብቀያ ቦታው ያልታወቀ።»

ስለ ራሱ እንደሚናገር ገባኝና እንባዬ መጣ። አዴ ሀሊሜም ገብቷቸዋል፤ ዓይናቸውን ከፊቱ አልነቀሉም። መልሱን ቢናገሩት ግን ጨዋታው ያልቃል።

«ይሄስ አቃተኝ» አሉ።

«እንግዲያው አገር ይስጡኝ።» መመለስ ያቃተው አገር ይሰጣል፤ ደንቡ ነው።

ዲክሲስን ወይ ሲሬን ይሰጡታል ብዬ ስጠብቅ፣ ከጎናቸው ያለውን በርጩማ በእጃቸው ጠረግ አደረጉና፦

«ይቺን በረንዳ ሰጥቼሃለሁ» አሉት።

ገብረ መድህን ቁጭ አለ። መልሱን ማንም አልጠየቀውም።