«ትንሽ አሟታል» ተብዬ የሄድኩበት የካምባ መንገድ

ከአዲስ አበባ

የተነሳሁት ለሽርሽር አይደለም። እህቴ ፀሐይ ከትውልድ ቀያችን ከካምባ ወደ መሥሪያ ቤቴ ደውላ «እማዬን ትንሽ አሟታል፤ ቶሎ ና» አለችኝና መስመሩ ተቋረጠ። ያን ጊዜ ካምባ ሞባይል አልገባም ነበር። ያለው የቤት ስልክ ደግሞ ዝናብ በጣለ ቁጥር ይጠፋል። መልሼ ብደውል ብደውል አልገባ አለኝ።

«ትንሽ አሟታል፤ ቶሎ ና» ማለት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሰው ሲሞትብን ሞተ አንልም። አሞታል ብለን ልጁን እንጠራለን፣ ዘመድ እናሰባስባለን፣ ከዚያ ማለዳ ላይ ከእንቅልፉ ቀስቅሰን መርዶውን እንነግረዋለን። አባቴ ሲሞትም የተጠራሁት በዚሁ ቃል ነው። ስደርስ ከተቀበረ ሰንብቶ ነበር፤ እኔ ግን መንገዱን ሙሉ «ማርልኝ» እያልኩ ስለት ስሳል ነበር የሄድኩት። ያ ነገር እስከዛሬ ያናድደኛል።

ስለዚህ የዚህን ጊዜ አልታለልም አልኩ። ጥቁር ሸሚዝ ከቦርሳዬ ከተትኩ። የሥራ ጓደኞቼ «አይዞህ፣ በእግዚአብሔር ተማመን» ሲሉኝ ዓይኔን አያዩም ነበር። እነሱም ገብቷቸዋል ማለት ነው። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ምዕራብ ዓባያ

መንገዱ በሆሳዕና አድርጎ ወላይታ ሶዶ ያወጣል። ሶዶ ላይ ለምሳ ቆመን ሰዉ ጥሬ ሥጋ ሲያስቆርጥ እኔ ሻይ ብቻ ጠጣሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሰላማዊት የምትባል የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። ገና መመረቋ ነው፤ አርባ ምንጭ ሥራ ተመድባ ማንንም ወደማታውቅበት ከተማ መሄዷ ነበር። ስለፈራች በየቦታው «ደረስን እንዴ?» ትለኛለች።

ምዕራብ ዓባያ ላይ አውቶቡሱ ቆመ። ሴቶች የሙዝ እጅና ማንጎ በመስኮት ያቀብላሉ፤ ከአዲስ አበባ ዋጋ ጋር ሲተያይ በነጻ እንደማለት ነው። ከሙዙ እርሻ ባሻገር የዓባያ ሐይቅ ቀይ ውሃ ይታያል። ሰላማዊት ሙዝ እየላጠች ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ።

«ለእናቴ ለቅሶ» አልኳት።

«ነፍስ ይማር። መቼ አረፉ?»

«አልነገሩኝም። ትንሽ አሟታል ነው ያሉኝ።»

«ታዲያ ሞቱ ያለህ ማነው?»

«እንደዚህ ነው እኮ የሚባለው። እናንተ ጋ አይባልም?»

«ይባላል። ግን ሰው እውነትም ሲታመምስ ምን ይባላል?»

ጥያቄዋ አበሳጨኝ፤ «አንቺ ገና ልጅ ነሽ» ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እሷም በቀስታ «እኔ ብሆን እስኪነግሩኝ ድረስ እጸልይ ነበር» አለች። እኔም ለሞተ ሰው ፍትሐት ነው የሚያስፈልገው አልኳት።

እውነቱን ለመናገር፣ ከቡታጅራ ጀምሮ በሆዴ «ጌታዬ፣ ውሸት አድርገው» እያልኩ ነበር የመጣሁት። ከምዕራብ ዓባያ በኋላ ግን ተውኩት። ተስፋ ማድረግ ያደክማል። ሞታለች ብሎ ቁርጥን ማወቅ ቢያንስ ያሳርፋል።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ

ከሰዓት በኋላ ሲቀላ መናኸሪያ ስንደርስ የእናቴ ወንድም ጋሽ ዘለቀ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ጥብቅ አድርጎ አቀፈኝ። እንዲህ አቅፎኝ አያውቅም።

«እናትህ ትንሽ ነው ያመመው» አለኝ። አማርኛው እንዲህ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርገዋል። «እግዚአብሔር አለ። እሱን ማመን ነው እንጂ ሌላ ምን አለን።»

«እሺ ጋሼ» አልኩት።

መናኸሪያው በር ላይ አንድ አይሱዙ ሞተሩን አስነስቶ «ካምባ፣ ካምባ፣ ጋቢና ሁለት ሰው» ይላል። ሾፌሩ እኛን አይቶ «ትሄዳላችሁ? አሁን ብንወጣ ማታ እንገባለን» አለ። ጋሽ ዘለቀ በእጁ ከለከለው።

«ማታ መግባት ጥሩ አይደለም» አለኝ። «የጨንቻ ዘመድ ጠዋት ይመጣል። ላንድክሩዘር ተነጋግሬአለሁ፣ ሁላችን አንድ ላይ እንሄዳለን።»

ለታመመ ሰው ዘመድ ተሰብስቦ በኮንትራት መኪና አይሄድም። የቀረችኝ ጥርጣሬም እዚያ ላይ አለቀች። አይሱዙው ሁለቱን ወንበር በሌላ ሰው ሞልቶ ሄደ፤ እኛም አሳ ጉላሽ አዘን ዝም ብለን በላን። በኋላ እንዳወቅኩት ጋሽ ዘለቀም ከእኔ የተሻለ አንዳች ነገር አያውቅም ነበር። ፀሐይ በመንገደኛ የላከችበት ያችኑ አንድ ቃል ነው፦ ትንሽ አሟታል። እኔ የእሱን ማቀፍ ማስረጃ አደረግኩ። እሱ ደግሞ ዝምታዬን አይቶ ልጁ አልገባውም ብሎ አዘነልኝ። ተያይተን «ማን ነገረህ?» ብንባባል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኛ ግን ጨዋ ሰዎች ነን፣ እንዲህ ያለ ነገር አንጠያየቅም።

ወደ ካምባ

ጠዋት የጨንቻ ዘመዶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረሱ። እኔም ጥቁር ሸሚዜን ለብሼ ወጣሁ፤ ማንም ለምን ለበስክ አላለኝም። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው። ዳገቱን እየወጣን ቆላው ወደ እንሰትና ቀርከሃ ተለወጠ፤ ብርዱም መጣ። መሀል መንገድ ላይ ገረሴ ከተማ ወርደን ሻይ ጠጣን። ከዚያ አልፈን ጠባቡ መንገድ ላይ የትናንቱ አይሱዙ ቁልቁል ሲመጣ ተገናኘን። ሾፌሩ አወቀን፣ እጁን አነሳልን። ጋቢናው ባዶ ነበር።

የእናቴ ቤት ከካምባ ገበያ ወጣ ብሎ ነው። ለቅሶ የሚመጣ ሰው ከሩቅ ድምፁን ያሰማል፤ ዝም ብሎ የሚገባ አላዘነም ይባላል። ስለዚህ አጥሩ ሳይደርስ ከመኪናው ወርደን ጀመርን። የጨንቻ ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ፣ ጋሽ ዘለቀ «እህቴን» እያለ፣ እኔም «እማዬን» እያልኩ ወደ በሩ ሄድን። ድንኳን አለመኖሩን አይቻለሁ፤ ግን ሰው አንዴ ማልቀስ ከጀመረ ስለ ድንኳን አያስብም።

ፀሐይ በእጇ የውሃ ኩባያ ይዛ ወጣች። ግራ ገብቷት አንድ በአንድ አየችን።

«ማን ሞቶ ነው?» አለች።

ከዚያ ጥቁር ሸሚዜን አየች። «እማዬ እኮ አልሞተችም» አለች። «በናታችሁ ዝም በሉ፣ ትሰማለች።»

ከኋላ ያሉት ሴቶች ስላልሰሟት ማልቀሳቸውን አላቆሙም። ቤት ውስጥ እናቴ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ፣ ነቅታ ነበር።

ሸሚዜን ከበሩ አውልቄ በካናቴራ ገባሁ። በጣም ከስታለች፤ ከንፈሯ ደርቋል። ወባ ይዟት፣ ከብዶባት የጤና ጣቢያው ሰዎች ቶሎ አርባ ምንጭ አውርዷት ብለው ነበር። እሷ ግን ልጄ ሳይመጣ ንቅንቅ አልልም ብላለች። ፀሐይም የደወለችልኝ መጥቼ እንዳወርዳት ነው። ትንሽ ያለችው ደግሞ እንዳልደነግጥ ነው። ማታ አይሱዙው ሲገባ እናቴ በሩን ስትጠብቅ አምሽታለች። ጠዋት ሾፌሩ በጋቢና ላውርዳት ቢል «የዛሬው መኪና ያመጣዋል፣ እግዚአብሔር መንገዱን ያቀናለታል» ብላ መለሰችው።

«መጣህ» አለችኝ።

«መጣሁ እማዬ።»

«ይመጣል ብያቸው ነበር።»

ቁልቁል

ለለቅሶ በተከራየነው መኪና ጫንናት። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ መኪናው ጭቃው ላይ በተንገጫገጨ ቁጥር እይዛታለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ጸለይኩ፤ ግን እፍረት የተቀላቀለበት ጸሎት ነበር። ትናንት ከምዕራብ ዓባያ እስከ ሲቀላ፣ ከሲቀላ እስከ ማለዳ፣ እናቴ በሕይወት እያለች አንድም ቃል አልጸለይኩላትም።

ገረሴ ልንደርስ ስንል ዓይኗን ገለጠች። «ለመሆኑ ያ ሁሉ ሰው ያለቀሰው ለማን ነው?» አለች።

ጋሽ ዘለቀ ከፊት ወንበር ሳይዞር «የታች ሰፈር ሰው ነው፤ ጎረቤት» አላት።

እናቴ አቅም ባልነበረው እጇ አማተበች። «ነፍሱን ይማረው» አለች። «ልጆቹንም ያጽናናቸው።»

አሜን አልን። እኔም አሜን አልኩ።

ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ ቀና አለ። «ትናንት ቢሆን ኖሮ» አላለኝም። ምናልባት አዝኖልኝ ይሆናል። አስከሬኗን በዚያው መኪና ወደ ካምባ መለስን። ሴቶቹ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ነበር፤ እንደገና ማልቀስ ጀመሩ። እኔ እንባ አልመጣልኝም።

አዲስ አበባ

ወደ ቤቴ ከተመለስኩ በኋላ ከእግዚአብሔር ጋር ለረጅም ጊዜ ተጣላሁ። እሷ አምና ጠበቀች፣ እኔ ሳላምን ቆየሁ፣ በመካከላችን አንድ ሌሊት ጠፋ። እንዴት የእሷን እምነት አይቶ ዝም ይላል እያልኩ አማርረው ነበር። ንዴቱ ቀስ እያለ ሲበርድ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ይመጣል ብላ ስትጠብቅ ያመነችው እሱን ብቻ አልነበረም፣ እኔንም ነበር። እኔ ግን ስለ እግዚአብሔር ማመን አለማመን ስፈላሰፍ የገዛ እህቴን ቃል እንኳ ማመን አቅቶኝ ነበር። ፀሐይ አልዋሸችም። ውሸት ያስለመድነው እኛ ነን፤ አዝነንልህ ነው እያልን የእግዚአብሔርን ስም የውሸታችን መሸፈኛ ስላደረግነው፣ እውነተኛ ሕመም ሲመጣ የሚነገርበት ቃል አጣን።

ከፀሐይ ጋር አሁን ስምምነት አለን፦ የሞተ ሞተ ይባላል፣ የታመመ ታመመ። ሌላ ሰው ግን ዘመድህን ትንሽ አሞታል ሲለኝ፣ ሰው በተሰበሰበበት መሀል ቢሆንም፣ «ሞቷል ወይስ አለ?» ብዬ ፊት ለፊት እጠይቃለሁ። አለ ካሉኝ በዚያው ሰዓት ባገኘሁት መኪና እሄዳለሁ። ባለጌ ይሉኛል። ይበሉኝ።