ከአባቴ ስም ቀጥላ የመጣች ኮማ

ፈረንጅ የሠራው ፕሮግራም እኛን አያውቀንም። ይህን ለመረዳት ማስተርስ መማር አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ግን ነገሩ የገባኝ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ማለቂያ ላይ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን ላስረክብ ጥቂት ቀናት ሲቀሩኝ ነው።

የምሠራው ቦሌ መንገድ ዳር ባለ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ነበር። ጥናቴ ከሲኤምሲ ወዲያ ስለሚቆረቆሩት አዳዲስ ሰፈሮች የውኃ ችግር ነው፤ የምጽፈውም በእንግሊዝኛ። የቢሮው ኮምፒዩተር ላይ በፍሎፒ የመጣ አንድ ፕሮግራም ነበር። ያነበብሽውን ሁሉ የደራሲውን ስም፣ ርዕሱንና ዓመቱን አንዴ ከሰጠሽው፣ በጽሑፉ መጨረሻ የሚገባውን የዋቢዎች ዝርዝር ራሱ ደርድሮ ያወጣልሻል። ጓደኞቼ በካርድ ላይ ሲጭሩ እኔ በዚህ እኮራ ነበር።

አማካሪዬ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። «የውጭ ሰው ከሆነ የቤተሰቡ ስም ይቅደም፤ ከዚያ ኮማ። የኛ ሰው ከሆነ ግን መጀመሪያ የራሱ ስም፣ ቀጥሎ የአባቱ። ኮማ የለም! በአንድ የሐበሻ ስም መሐል ኮማ ባይ ጽሑፉን አልቀበልሽም» ብለውኛል። ልክ ናቸው። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም። ሰው የራሱ ስም አለው፤ ከኋላው የአባቱ ስም ይቆማል፤ በቃ። ፕሮግራሙ ግን መጨረሻ ያገኘውን ስም ጎትቶ ወደፊት ያመጣና ኮማ ያደርግበታል፤ የባለቤቱን ስም በአንድ ፊደል ያስቀረዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው ዝርዝሩን መጀመሪያ ያተምኩት። ቢሮው ባዶ ነበር። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ፕሪንተሩ እየተንጫጫ ወረቀቱን ይተፋል። አንስቼ ማንበብ ጀመርኩ። አብሮኝ የተማረው ልጅ የለም፤ በቦታው አባቱ አሉ። ለቅሷቸው ላይ ድንኳን ውስጥ የተቀመጥኩላቸው ሰውዬ ባለፈው ዓመት ስለ ጉድጓድ ውኃ ጥናት አሳትመዋል። ሌላው ደራሲ አባቱን በልጅነቱ እንደቀበረ ነግሮኝ ነበር፤ አባቱ ግን እዚህ ስለ ቧንቧ ይከራከራሉ። ሕያዋኑ በሙሉ አንዳንድ ፊደል ሆነው ከኮማ ኋላ ተደብቀዋል። ውጭ ፀሐዩ እንደ ጉድ ይበራል፤ እኔን ግን በረደኝ።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ የጻፍኳት አንዲት ዘገባ ነበረች፤ በጥናቴ ውስጥ ጠቅሻታለሁ። ከዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ አገኘኋት። የአባቴ ስም፣ ኮማ፣ አንድ ፊደል፣ ነጥብ። በቅንፍ ያለፈው ዓመት።

«በስመ አብ!» አልኩ ብቻዬን።

አባቴ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። በዚያ በክፉው ዘመን አንድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት እንደወጣ አልተመለሰም። እኔ ሕፃን ነበርኩ፤ የማስታውሰው የጫማውን ቀለም ነው። መንግሥት ሲለወጥ አጥንት ያገኙ አጥንታቸውን ቀበሩ። እናቴ ያልዞረችበት ቦታ የለም፤ ምንም አላገኘችም። ስለዚህ አልሞተም። የውጭውን በር መቀርቀሪያ ማታ ማታ ሳትዘጋው ታድራለች፤ «ሌባ ይገባል» ስላት «እሱ ቢመጣስ?» አትለኝም፤ መብራቱን አጥፍታ ትተኛለች።

በዚያ ዓመት ግን ታላቅ እህቷና የነፍስ አባቷ ለምነው ለምነው ተዝካሩን እንድታወጣ አሳመኗት። ለጠላው ገብሱ ተገዝቷል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአባቴን የክርስትና ስም መናገር። ያለ እሱ ጸሎተ ፍትሐት አይደረስም፤ ከእሷ በቀር የሚያውቀው ሰውም በሕይወት የለም። «ረስቼዋለሁ» ትላለች። የባሏን የክርስትና ስም የምትረሳ ሴት የለችም። አክስቴም፣ እኔም፣ ቄሱም አላመንናትም፤ ግን ማን አፏን ከፍቶ ያወጣዋል?

ወረቀቱን ይዤ ስወጣ የግቢው ዘበኛ አስቆመኝ።

«እቴ፣ ቅድም አንድ ሰው መጥቶ ነበር። የአባትሽን ስም ጠርቶ ‘አለ ወይ?’ አለኝ። እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ አይሠራም ብዬ መለስኩት።»

ፈረንጆች የሚልኩልኝ ደብዳቤ በአባቴ ስም ስለሚመጣ ፖስታ አመላላሽ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ነው ለራሴ የነገርኩት። ግን ፖስታ የያዘ ሰው ለዘበኛው ሰጥቶ ይሄዳል እንጂ ባዶ እጁን አይመለስም። እስከ ታክሲው ድረስ ዞር እያልኩ ነው የሄድኩት።

ቤት እንደደረስኩ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ጥዬ ልታጠብ ገባሁ። ስወጣ እናቴ መነጽሯን አድርጋ ተቀምጣለች፤ ጣቷ ከአንዱ መስመር አልተነሳም።

«አምና ጽፏል» አለች። ድምጿ የሌላ ሰው ነበር።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ። ፕሮግራሙ ስም ይገለብጣል።»

«አውቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ምን ስሠራ የኖርኩ መሰለሽ?» እናቴ አውሮፕላን ማረፊያ ካርጎ ክፍል ታይፒስት ነበረች፤ የአባት ስም፣ እዝባር፣ የራስ ስም እያለች የሰውን ልጅ ስትገለብጥ ነው የምትውለው። «አውቃለሁ፤ ግን ፊደሏን እያት።»

አየኋት። የስሜ መነሻና የአያቴ ስም መነሻ አንድ ፊደል ነው። አባቴ ደግሞ በእንግሊዝኛ ሲፈርም የራሱን ስም፣ ቀጥሎም የአባቱን ፊደል ብቻ ያደርግ ነበር። እናቴ የሠርጋቸውን ወረቀት አውጥታ ከጎኑ አኖረችው። ከኮማዋ በቀር ልዩነት አልነበረውም።

«ለእህቴ ደውዬ ተዝካሩ ይቆይ ብያታለሁ» አለችኝ፤ ወረቀቱን አጥፋም በደረቷ አስገባችው።

ተናደድኩ። ስንት ዓመት ተለምና የተገኘ ነገር በእኔ ኮማ ፈረሰ! በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቢሮ ገባሁና ፕሮግራሙን ተያያዝኩት። ሰው የራሱን የአጻጻፍ ስታይል እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ አንዱን ቀድቼ አዲስ ስም አወጣሁለት። መጀመሪያ ፊደሉ ቀርቶ ሙሉ ስም ይጻፍ አልኩት፤ ኮማዋ አልሄደችም። ቀጥዬ ስም እንዳይገለበጥ አዘዝኩት፤ የኛዎቹ ተስተካከሉ፣ ፈረንጆቹ ሁሉ ተበላሹ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። በመጨረሻ መመሪያው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ዘዴ አገኘሁ። ደራሲው ሰው ሳይሆን መሥሪያ ቤት ከሆነ ስሙን ሙሉውን ጽፈሽ ኮማውን መጨረሻ ላይ ታኖሪያለሽ፤ ያን ጊዜ ፕሮግራሙ አይነካውም፤ ሲያትመውም ኮማዋን ይውጣታል። ስለዚህ የአገሬን ሰዎች በሙሉ መሥሪያ ቤት አደረግኳቸው።

አንዱን ባረምኩ ቁጥር አንድ አባት ከፊት ተነስቶ ወደ ልጁ ኋላ ይመለሳል። የቢሮው ዝምታም አብሮ እየጨመረ የሚሄድ መሰለኝ፤ ሰው ከሞላበት ክፍል እንግዶች አንድ በአንድ ሲወጡ እንደሚሆነው። በመጨረሻ አንድ ብቻ ቀረ። ጠቋሚዋ መስመር ከስሙ አጠገብ ብልጭ ድርግም ትላለች። «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ አይሠራም ብዬ መለስኩት» ያለው ዘበኛ ትዝ አለኝ፤ እኔም ልመልሰው ነው። ፈራሁ። ያን ሰውዬ ሁለተኛ ከደጅ የምመልሰው እኔ መሆን አልፈለግኩም። ኮምፒዩተሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ሰኞ እናቴ ከሥራ ስትወጣ ጠብቄ ወደ ቢሮ ይዣት መጣሁ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሩቅ አይደለም። ወንበሬ ላይ አስቀምጬ ዝርዝሩን ከፈትኩላት፤ ሁሉንም አባቶች በየልጆቻቸው ኋላ አሳየኋት። ከዚያ የእኛን።

«ይኼ ብቻ ነው የቀረው። እንዲህ ካስረከብኩት አማካሪዬ አይቀበሉኝም» አልኳት። «እኔ ደግሞ ላጠፋው አልቻልኩም።»

ብዙ ጊዜ አየችው። ስክሪኑ ፊቷን ሰማያዊ አድርጎታል። ውጭ አውሮፕላን ሲያርፍ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ እንደ ልማዷ ቀና ብላ ወደ በሩ አየች። እኔም አየሁ። ማንም አልገባም።

«ማን አጥፊው አለሽ?» አለችኝ። «ፈቀቅ በይ።»

ዐሥሩንም ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አኖረች። ስሜን ሙሉውን ጻፈች፤ ያወጣልኝ እሱ ነው። ከዚያ የእሱን ጻፈች። ከዚያ እንዳሳየኋት ኮማዋን መጨረሻ ላይ፣ ከሁለታችንም ኋላ።

«አባት ከልጁ ኋላ ነው የሚቆም» አለች። «ፊት ለፊት አቁሜው ነው የኖርኩ፤ ደከመው።»

ያን ምሽት በሩን እኔ ቀረቀርኩት፤ ሰማችኝ፣ ግን አልተነሳችም። ዝርዝሩ አማካሪዬ ዘንድ አለፈ።

በሳምንቱ የነፍስ አባቷ መጡ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ አጠገባቸው ተቀመጠችና የክርስትና ስሙን ነገረቻቸው። ሰምቼው የማላውቅ ስም ነበር፤ ሌላ ሰው የሞተብን መሰለኝ። ቄሱ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፉትና አጠፉት።

«የአባቱን ስም አይጽፉም?» አልኳቸው ሳላስበው።

«የለም ልጄ» አሉኝ። «እዚያ ብቻውን ነው የሚጠራ።»